በመስኮት የገባሁት ሦስተኛ ክፍል

ልጅ ማስተማር እንደ እኔ የገባው ሰው በሸዋ ሮቢት አልነበረም። ይህን የምለው ራሴ ነኝ፤ ሌላ ምስክር የለኝም። ባለቤቴ ተዋበች ብትጠየቅ ሌላ ነገር ስለምታወራ፣ እሷን ባትጠይቁብኝ ደስ ይለኛል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ልጄ የሺ ሦስተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ነው። እኔ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ጠራና ሄድኩ። የእኛ አገር ሙቀት የታወቀ ነው፤ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ገና "የተከበራችሁ ወላጆች" ሲባል ነው ያንቀላፋው። እኔ ግን አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ዲሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ልጅ ማስተማር ለትምህርት ቤት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ግማሹ የወላጅ ነው" አሉ። አጨበጨብን። ሌሎቹ ወላጆች አጨብጭበው ወደ ሽንኩርታቸውና ወደ ትምባሆአቸው ሄዱ። እኔ ግማሼን ልሠራ ወደ ቤቴ ገሰገስኩ።

የጀመርኩት ከማውቀው ነው፤ ከልብስ። በደንብ የለበሰ ልጅ በደንብ ይማራል ብዬ ከካኪ ጨርቅ ቀሚስ ሰፋሁላት። ልጅ ደግሞ ያድጋል። ስለዚህ እስከ ስድስተኛ ክፍል እንዲያደርሳት አድርጌ ጫፉን አጠፍኩት፣ እንደገና አጠፍኩት፣ እጅጌውንም አስረዘምኩት። የሺ ያን ለብሳ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል በሰልፍ ስትቆም እጇም እግሯም አይታይም ነበር። መዝሙሩ አልቆ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ የራሷን ቀሚስ ረግጣ ወደቀች። ማታ ተዋበች መቀሱን ከመኪናዬ ላይ አንስታ ሄደች፤ በማግስቱ ቀሚሱ የሦስተኛ ክፍል ቀሚስ ሆነ። ሦስት ክፍል ያህል ጨርቅ ነው የተቆረጠብኝ።

ቀጥሎ ምግብ መጣ። ጀውሃ ከተማ ላይ ምሳ በልቶ ሱሪ ሊያስጠብብ እኔ ዘንድ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የአዲስ አበባ ልጆች የሚጎብዙት ጠዋት ጠዋት እንቁላል ስለሚበሉ ነው አለኝ። ሾፌር ደግሞ ብዙ አገር ያያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሺ ሁለት እንቁላል ሳትበላ ከደጅ አትወጣም። ረቡዕና ዓርብ ተዋበች "ልጅቱን አረመኔ ልታደርጋት ነው?" ብላ ስለተነሣችብኝ ዶሮዎቹም እኛም እናርፋለን፤ ሐሙስ ላይ ግን የቀረውን አካክሳለሁ። ሂሳብም አስጠናኋት። እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልጨርስ ወደ ስፌት የኮበለልኩ ሰው ነኝ፤ ሂሳብ የማውቀው በሜትር ነው። ስለዚህ ሜትሬን አንገቷ ላይ አንጠልጥዬ "ከዚህ እስከዚህ ስንት ነው?" እያልኩ አስተማርኳት። መምህሯ "ሰባት ሲደመር አምስት?" ብለው ሲጠይቋት "የወገብ ነው የደረት?" አለች ሲባል ሰምቼ ዘዴዬ እንደገባት ተረዳሁ።

ይህ ሁሉ ግን ከሩቅ የሚደረግ እርዳታ ነው። እኔ የምሠራው ግማሽ ሥራ እዚያው ክፍል ውስጥ እየተካሄደ እኔ በረንዳ ላይ ምን እሠራለሁ? የሦስተኛ ክፍል መስኮት መስተዋት የለውም። ጣውላ ብቻ ነው፤ ከሙቀቱ የተነሣ ዓመቱን ሙሉ ወለል ብሎ ይውላል። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አንድ ግራር አለ። ጠዋት ጥላው ልክ እዚያ ላይ ይወድቃል። ቁልፍ መትከል በእጅ ስለሚሠራ መኪና አያስፈልገውም። የቁልፍ ቆርቆሮዬን፣ መርፌዬን፣ የሰው ሸሚዞችና መቀመጫ ዱካዬን ይዤ ሄድኩና ከግራሩ ሥር ተቀመጥኩ። ዱካው አጭር ሆኖ ግንባሬ ብቻ ስለታየ በሁለተኛው ቀን ድንጋይ ከሥሩ ደለደልኩለት። ከዚያ በኋላ እስከ ደረቴ ክፍል ውስጥ ገባሁ።

መምህሩ ጌታነህ ይባላሉ፤ ከአንኮበር በኩል የመጡ፣ ገና ሚስት ያላገቡ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ ጠመኔያቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ መጡ።

"ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ የምረዳዎት፤ ይቀጥሉ" አልኳቸው።

ቀጠሉ። ምን ያድርጉ?

እኔም ረዳኋቸው። ከየሺ ኋላ የተቀመጠው ልጅ ሹሩባዋን ሲነካ በስሙ ጠርቼ ገሠጽኩት። አርፍዶ የሚመጣውን "አሁን ነው የሚመጣው?" አልኩት። ውሃ ሲጠማት በጣሳ አቀበልኳት። እስክሪብቶ ያጣ ልጅ ሁሉ ወደ እኔ እንደሚያይ ሳውቅ ሁለት ሦስት ትርፍ መያዝ ጀመርኩ። አንድ ቀን መምህሩ "የሺ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?" አሉ። ልጄ ተነሣች። ወደ ጣሪያው አየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እያሰበች ነው። እኔ ደግሞ ስምንት ክንድ ጨርቅ ሰባት ጊዜ ቆርጬ አውቃለሁ። ታገሥኩ፣ ታገሥኩና አልቻልኩም።

"ሃምሳ ስድስት!" አልኩ ከመስኮቱ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ዞር ብለው "ትክክል ነው ጋሼ፤ የተጠየቀችው ግን እሷ ነበረች" አሉኝ። እኔ የሰማሁት "ትክክል ነው" የምትለዋን ብቻ ነው። ያን ቀን ሱሪ ሊያስለኩ ለመጡ ሁሉ በትምህርት ቤት ጥያቄ መመለሴን ነገርኳቸው።

እንዲህ ስንማር ሦስት ሳምንት ያህል እንደቆየን የሺ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር። ተዋበች "እንቁላሉ ነው" ብላ ፈረደች፤ እንቁላሉ ቀረ። ሕመሙ አልቀረም። ፌጦ ጠጣች፤ አልተሻላትም። ሕመሙ የትምህርት ቤቱ ደወል እስኪደወል ድረስ ይበረታል፤ ደወሉ ሲያልፍ ተነሥታ ከፍየሎቹ ጋር ትጫወታለች። አንድ ሰኞ ማለዳ ላይ ግን ሆዴንም አላለች። የበሩን መቃን በሁለት እጇ ያዘችና፣ "ትምህርት ቤት አልሄድም" አለች።

ይህች ልጅ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ ደብተሯን የምታቅፍ፣ ያጠናችውን ለፍየሎቹ የምታስተምር ልጅ ናት። ደነገጥኩ። ቀልዱን ልተወውና እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ከትምህርት የቀረች ሴት ልጅ ቤት ብዙ አትቆይም። እናቴ ቤት ታናሽ እህቴ እንዲሁ "ትንሽ ትረፍ" ተብላ ቀረችና፣ ዓመቱ ሳይዞር ሽማግሌ መጥቶባት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ተዳረች። የሠርግ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ትከሻው እንዳይወርድባት ሁለት ጊዜ ያጠበብኩት አሁንም ትዝ ይለኛል። የሺ እንዲያ አትሆንም ብዬ ከተወለደች ቀን ጀምሮ ምያለሁ።

"ማን ነክቶሽ ነው?" አልኳት። መሬት መሬት አየች። እኔም ወዲያው ገባኝ። ልጅ መሬት የሚያየው ትልቅ ሰው ሲያስፈራው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ትልቅ ሰው ደግሞ መምህሩ ብቻ ናቸው። እኔ መስኮት ላይ ስለነበርኩ ራሴን ከውስጥ አልቆጠርኩም። ስለዚህ የሺና መምህሯ ተጣልተዋል ማለት ነው። ሰው ሲጣላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካል።

"ልጅቱን ቀስ ብለህ ለምን አትጠይቃትም?" አለች ተዋበች።

"ይሄ የሕፃን ጉዳይ አይደለም" አልኳት።

ሽማግሌ መረጥኩ። አንደኛው ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ የቀወት ገበሬ ሁሉ በድንበር ሲካሰስ ሲያስታርቁ ያረጁ ሰው። ሁለተኛው ጨርቅ የሚያስረክቡኝ ሐጂ ኡመር ናቸው፤ አያቶቻቸው አሊዩ አምባ ላይ ሲነግዱ የኖሩ፣ አንደበታቸው የተባረከ። ሽማግሌ ደግሞ ሁለት አይሆንም፤ ሦስተኛውን ለቁጥር ያህል ከመንገድ ላይ ለመንኳቸው። እሳቸውም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉን።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ መምህሩ ቤት ሄዱ። ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ሆኖ መጠበቅ አለበት። እኔም ጠበቅሁ፤ ግን በመምህሩ አጥር ጥግ ቆሜ። በቀዳዳ ማየት ያን ጊዜ ለምጄበት ነበር።

መምህሩ ሳፋ ላይ ተጎንብሰው ሸሚዝ ያጥባሉ። ሦስት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲገቡ ሲያዩ ሸሚዙን ከነአረፋው ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ያከራየቻቸው እትዬ ብርቄ ደግሞ ሽማግሌ ያለ ጋብቻ የሚመጣ አልመሰላትም፤ እየሮጠች አግዳሚ ወንበር አወጣች።

"እልል ልበል ወይስ ልቆይ?" አለች።

"ቆዪ" አሉ ጋሼ ደምሴ። ከዚያ ተቀመጡ፣ ተከዙ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "መምህር፣ የመጣነው ለደግ ነው። ከአንዲት ሰው ጋር ቅያሜ ገብተዋል ተብሎ ሰማን። እኛም ብናስታርቅ ብለን ነው።"

"እኔ? ከማን ጋር?"

"ከየሺ ጋር።"

እትዬ ብርቄ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መምህሩ ላብ አጠመቃቸው። "የትኛዋ የሺ?" አሉ።

"የሦስተኛ ክፍሏ" አሉ ሐጂ ኡመር።

እትዬ ብርቄ ወንበሩን መልሳ ልትወስድ ብላ ሽማግሌዎቹ ስለተቀመጡበት ተወችው። መምህሩ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

"አባቶቼ፣ እኔ ከየሺ ጋር ምን ያጣላኛል? ከክፍሉ ሁሉ ፈጣኗ እሷ ናት። ግን እጇን አውጥታ መመለስ ካቆመች ሰነበተች። ሳያት ታሳዝነኛለች" አሉና ወደ አጥሩ መለስ ብለው አዩ። ዓይን ለዓይን የተገጣጠምን ይመስለኛል። "ምክንያቱን እኔ ብናገር ደስ አይልም። ከፈቀዳችሁ ራሷን ጠይቋት።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሼ ደምሴ "በዚህ ዕድሜዬ ሕፃን ቃል ሲሰጥ አይቼ አላውቅም" አሉ። ሐጂ ኡመር ግን "ወላሂ እኔም አላየሁም፤ ግን አላህ አፍ የሰጣት ልትናገርበት ነው" ብለው ብድግ አሉ። እኔ በጓሮ መንገድ ሮጬ ቀድሜያቸው ቤቴ ደረስኩና ቁጭ ብዬ የምጠብቅ መሰልኩ።

ግቢያችን ውስጥ ሾላው ሥር ተቀመጡ። የሺን ፊት ለፊታቸው አቆሟት፤ ተዋበች ከኋላዋ፣ እኔ ከጎን። ጋሼ ደምሴ እንደ ደንቡ "ልጄ፣ የበደለሽን ተናገሪ። ማንም ይሁን ማን፣ ሹምም ቢሆን አትፍሪ" አሏት።

የሺ ቀኝ እጇን አወጣች። ሽማግሌዎቹ ምን ልትል እንደሆነ ግራ ገባቸው።

"ተናገሪ በሉኝ ማለቷ ነው" አለች ተዋበች።

"ተናገሪ" አሉ ሐጂ ኡመር።

"አባዬ ነው" አለች።

እኔ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ሌላ አባት አልነበረም።

"መስኮቱ ላይ ሁልጊዜ አለ" አለች፤ ድምጿ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፣ እየቆየ ጠና። "መምህር ሲጠይቁኝ ላስብ ስል እሱ ይመልሳል። ልጆቹ የሺ ሁለት ጭንቅላት አላት፣ አንዱ ውጭ ነው ይሉኛል። እጄን ሳወጣ ሁሉም የሚያዩት መስኮቱን ነው። እኔን የሚያየኝ የለም።"

"ለእሷ ብዬ እኮ ነው! ዲሬክተሩ ራሳቸው—" አልኩ።

"ተራህ አይደለም" አሉ ጋሼ ደምሴ።

ተራዬ ሲደርስ ጥፋቴን አመንኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ልጄን ከትምህርት ያስቀራትን ሰው ፍለጋ መንደሩን ሳምስ፣ ሰውዬው በየጠዋቱ ቁልፉንና መርፌውን ይዞ ከእኔ ጋር ይሄድ ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ ሊመካከሩ ገለል አሉ። ከግራ ቀኝ ሲባባሉ፣ ሾላው ሥር ሲያንጎላጁ የነበሩት ሦስተኛው ሽማግሌ ብንን አሉና፣ "ታዲያ ድንበሩ የት ላይ ይሁን?" አሉ። የእርሻ ክርክር መስሏቸው ነው። ጋሼ ደምሴ ግን እጃቸውን አጨበጨቡ።

"እውነት ነው! ይሄ ሰው ድንበር ነው የሚያስፈልገው።"

ተፈረደብኝ። ድንበሩ በቤቴና በትምህርት ቤቱ መሃል ያለው ወፍጮ ቤት ሆነ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ሳይወጡ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ እንዳላልፍ። "ዋስ ጥራ" ተባልኩ። ተዋበችን ጠራሁ፤ የሚስት ዋስነት አይሆንም አሉ። ሐጂ ኡመር "ዋሱ እኔ ነኝ፤ ድንበር ካለፈ አንዲት ክንድ ጨርቅ አልሰጠውም" አሉ። ከዚህ የበለጠ ዋስ የትም የለም።

"ሌላ የምትጠይቂው አለ?" አሏት የሺን።

ትንሽ አሰበች። "ከትምህርት ቤት መጥቼ ስነግረው፣ እስክጨርስ ዝም ይበል።"

ጋሼ ደምሴ ወደ እኔ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ እንኳ ከበድ ይላል" አሉ። ቢሆንም ተጨመረ።

በዳይ ነኝና ድንጋይ ተሸክሜ ልጄ ፊት ቆምኩ። ቁመቷ እስከ ቀበቶዬ ነው። "ይቅር ለእግዚአብሔር በዪው" ሲሏት፣ "አውርደው አባዬ፣ ይከብድሃል" አለች። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ ላቡ ነው ብዬ በእጅጌዬ ጠረግሁት። "ይቅር ብዬሃለሁ" አለች ቀጥላ፤ ዝቅ ስልላት አንገቴን አቀፈችኝ፤ ድንጋዩን ከእጄ የተቀበለችኝ ተዋበች ናት።

ሰኞ የሺ ሆዷንም ሳያማት ሄደች። እኔ በረንዳዬ ላይ ቀረሁ። ያን ቀን ያየሁትን መከራ ለጠላቴም አልመኝ። ደወሉ ሲደወል እግሬ መኪናውን ረገጠና የአንድ ወታደር ሱሪ ሁለቱን እግር በአንድ ላይ ሰፋሁት። አሁን ምን እየተማሩ ይሆን? ተጠይቃ ይሆን? ውሃስ? ሁለት ጊዜ እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ተመለስኩ። በሁለተኛው ጊዜ ሐጂ ኡመር እዚያው አጠገብ ካለው ሱቃቸው ደጃፍ ሆነው በጣታቸው እያስጠነቀቁኝ ነው የተመለስኩት።

በዚያ ሰሞን ነው ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ያየሁት። ተዋበች ፊደል አትለይም። የሺ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እግሯን ታስታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ ከዚያ እሷ ሽሮዋን እየነፋች ልጅቱ ከአጠገቧ ተቀምጣ የዕለቱን ታወራላታለች። ተዋበች መልስ አትነግራትም፤ አታውቀውማ። "ከዚያስ?" ብቻ ትላለች። ልጅቱ ደግሞ "ከዚያስ?" ስትባል የረሳችውን እያስታወሰች እስከ መጨረሻው ትሄዳለች። የወላጁ ግማሽ ሥራ እቤቴ ሲሠራ ነበር ለካ፤ እኔ ነኝ ትርፍ ሠራተኛ የሆንኩት።

እኔም ዝም ማለት ተለማመድኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መርፌ በከንፈሬ ይዤ ነው የማዳምጣት፤ መርፌ አፉ ውስጥ ያለ ሰው አያቋርጥም። እየቆየ ያለ መርፌም ቻልኩት። መምህር ጌታነህ በበረንዳዬ ሲያልፉ "ጋሼ፣ የሺ እጇን ማውጣት አበዛች፤ ለሌላውም ይድረስ ብዬ ዛሬ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኳት" ሲሉኝ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅኩላቸው።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሺ እየሮጠች መጣች፤ ደብተሯን መኪናዬ ላይ ጣለችና፣ ፀሐይ አትዞርም አለች። ፀሐይ ቆማለች፤ የምትዞረው ምድር ናት። እኔ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ እየሸሸሁ መኪናዬን በቀን ሦስት ጊዜ ከበረንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የጎተትኩ ሰው ነኝ። ማን እንደሚንቀሳቀስ ትከሻዬ ያውቃል። አፌ ተከፈተ። ዘጋሁት። ደግሞ ተከፈተ። ደግሞ ዘጋሁት። እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ ቀንና ሌሊቱን፣ ክረምትና በጋውን፣ ሁሉን።

"ጨረስኩ" አለች። "አሁን መናገር ትችላለህ።"

"አልገባኝም" አልኳት። እውነቴን ነው፤ ምንም አልገባኝም።

ፊቷ እንዲህ ሲበራ አይቼ አላውቅም። እጄን ይዛ ከበረንዳው አወረደችኝና መንገዱ ዳር አቆመችኝ። "እኔ ፀሐይ ነኝ፤ እዚህ እቆማለሁ። አንተ ምድር ነህ። ዙረኝ።"

ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ልጄን እዞራት ጀመር። ከደሴ የመጣ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ነፋብን። ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ወታደር ቆሞ ያየናል። ሐጂ ኡመር በዚያ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ምድር ነኝ፣ ሐጂ።"

"አልሐምዱሊላህ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

"አባዬ፣ በጣም ቀረብክ" አለች የሺ። "ምድር እንዲህ ከቀረበች ትቃጠላለች። ራቅ በል።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። "እንዲህ?"

"ትንሽ ይቀራል።"

አንድ ጨመርኩ። ከዚያ ላይ ሆኜ ሳያት፣ ከነጫማዋ፣ ከነቀሚሷ፣ ከነሹሩባዋ ሁለመናዋ ታየኝ። ቁመት ጨምራለች፤ መቼ እንደጨመረች አላወቅሁም።

"እዚያ ጋ ነው" አለች። "አሁን ዙር።"